ሐምሌ ላይ ድሬ ገብቻለሁ፤ ሙዚቃው የት ነው?

የገርጂው
ሐምሌ 9፣ ከቀኑ 8:15

ሰላም የቤቱ ልጆች። ለሥራ ሦስት ሳምንት ድሬዳዋ ተመድቤያለሁ። እናቴ «ክረምት ነው» ብላ ሻንጣዬ ውስጥ ሹራብ ከትታልኝ ነበር፤ እዚህ ግን ሹራቡን ገና ሳየው ነው የሚያልበኝ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ስለ ድሬ ስሰማ ያደግኩት ሙዚቃ፣ ጨዋታና ምግብ ነው። ሁለት ማታ ወጥቼ ፈለግኩ። አንዱ ሆቴል በሩ ላይ «ላይቭ ባንድ» ይላል፤ ውስጥ ግን አንድ ልጅ ስልኩን ከስፒከር ጋር አገናኝቶ በሰው ድምፅ ላይ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቀን ልበላ ስወጣ ደግሞ ከተማው በሩን ዘግቶ ጠፍቷል። ብስኩት በልቼ የዋልኩበት ቀን አለ። የት ልሂድ? ከሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ላይ ነው።

የከዚራዋ
ሐምሌ 9፣ ከቀኑ 8:40

አቦ፣ በ8 ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመህ «ሰው የት ሄደ» ትላለህ? ሰውማ ቤቱ ነው። ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው፣ እኔም ቬንትሌተር ሥር ሆኜ ነው የምጽፍልህ። ምሳህን 6 ሰዓት ላይ ብላና አንተም እንደ ሰው ተኛ።

ድሬ በቀን ሁለቴ ነው የምትነጋው። ሁለተኛው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ነው፤ አንተ ከሥራ ስትወጣ ማለት ነው። ያኔ ሆቴልህ ገብተህ በር አትዝጋ። ከለገሃር ተነስተህ በዛፎቹ ሥር ከዚራን ዞር ዞር በል። በየበሩ ውሃ ሲረጩ፣ ወንበር ሲያወጡ፣ ወንዶቹ በሽርጥ ሴቶቹ በድሪያ ቁጭ ሲሉ ታያለህ። የሆነ ግቢ ውስጥ ድምፅ ትሰማለህ፤ ጆሮህን ተከተል። ሆቴል በር ላይ የተጻፈውን ተወው።

ቢስባስ
ሐምሌ 9፣ ከቀኑ 10:05

የምግቡን ለእኔ ተዉልኝ።

ወንድሜ፣ ጠዋት ቁርስህን ሆቴል አትብላ። መጋላ ውረድና ፈጢራ የሚጋግር ሰው ፈልግ። ስትመጣ ቆመህ እይ፤ ግማሹ ጣዕም ማየቱ ውስጥ ነው። ሊጡን ዘይት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፣ በመዳፉ ይመታዋል፣ ከዚያ ጠርዙን እየያዘ ይስበዋል፣ ይስበዋል፤ የጠረጴዛው ቀለም በሊጡ ውስጥ እስኪታይ። እንቁላሉን መሐሉ ላይ ያፈሳል፣ እንደ ፖስታ ያጥፈዋል፣ ብረቱ ላይ ይጥለዋል። ማር ጨምርልኝ በለው። ከፈጢራ በኋላ ሻሂ በወተት። (እዚህ «ሻይ» ብለህ ብታዝ ይሰጡሃል፤ ግን ከየት እንደመጣህ ወዲያው ያውቁሃል።)

ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ የባጊያ ሰዓት ነው። እኛ ሰፈር ጥግ ላይ አንዲት አዴ (እናት ማለት ነው) አሉ። ጥራጥሬውን ዘፍዝፈው፣ ፈጭተው፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ደባልቀው ነው የሚመጡት። ማንኪያ የሚባል ነገር አያውቁም፤ በአራት ጣት ያነሱና በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው ዘይቱ ውስጥ ይለቁታል፤ ሁሉም አንድ መጠን ነው። ዘይቱ ጫጫ ሲል ወሬያቸውን አያቋርጡም። በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ቢስባስ (የሚያቃጥለውን የቃሪያ ማባያ) ከላይ አፍስሰው ይሰጡሃል። ቢስባሱን መጀመሪያ በጣትህ ጫፍ ቅመሰው፤ እኔ ስሜን ያወጣሁት በከንቱ አይደለም።

ሥጋ ከወደድክ ሐኒድ አለ። የፍየል ሥጋ ነው፤ ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ በስሎ አጥንቱን ይለቃል፣ ሩዝ ላይ ተደርጎ ይመጣል። ከጎኑ ሙዝ ይቀርብልሃል። ሙዙ ለማወራረጃ አይደለም! እየቆረስክ ከሩዙ ጋር ነው የምትበላው። የአዲስ አበባ ሰው ሙዙን ለመጨረሻ ሲያስቀምጥ ሳይ ነፍሴ ትወጣለች።

ወቅቱ የቲኒም ነው፤ እናንተ በለስ የምትሉት። ልጆቹ እሾሁን አንስተው፣ ልጠው ይሰጡሃል። ጣፋጭ ነው ብለህ ሃያ እንዳትበላ፤ ፍሬው ሆድ ያደርቃል። የሚያክሙህ እነዚያው ልጆች ናቸው፣ እየሳቁ።

የገርጂው
ሐምሌ 9፣ ማታ 3:20

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባጊያውን አገኘሁት። ቢስባሱን በጣት አልቀመስኩም። አሁን በእርጎ እየታከምኩ ነው።

ግን የከዚራዋ፣ አንድ ነገር ግልጽ አልሆነልኝም። «ግቢ ውስጥ ድምፅ ትሰማለህ፣ ጆሮህን ተከተል» ስትይ፣ የሰው ግቢ ዝም ብዬ ነው የምገባው?

የከዚራዋ
ሐምሌ 9፣ ማታ 3:31

በር ላይ የተቀመጠውን ሰው ሰላም በል። ከዚያ በኋላ ያለው የአንተ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

ሐቅ ብቻ
ሐምሌ 9፣ ማታ 4:12

እናንተ ሰዎች እንግዳውን አታታልሉት። የድሬ ሙዚቃ ድሮ ቀርቷል። ድምፅ ያለው ልጅ ሁሉ አዲስ አበባ ገብቷል፣ የቀረው ጫት ቤት ተቀምጦ ስለ አሊ ቢራ ያወራል። አንድ ደህና አዳራሽ ጥሩልኝ። ዘፋኝ ቁጭ ብሎ የሚሰማበት፣ ሰው ትኬት ቆርጦ የሚገባበት ቤት ጥሩልኝ። ዝም። ባጊያ ደግሞ ሙዚቃ አይደለም።

ገንደ ቆሬ 7
ሐምሌ 9፣ ማታ 4:30

ሐቅ ብቻ፣ ስምህ ሐቅ ነው እንጂ አንተ ግን ተናደሃል። አሊ ቢራ የኛ ሰፈር ልጅ ነው፤ ስለ እሱ ብናወራ ምን ችግር አለው? በ2015 ጥቅምት ላይ ሲያርፍ እዚሁ ድሬ ነው የተቀበረው። «ቢራ» የሚለው ስም ራሱ ከመጀመሪያ ዘፈኑ የወጣለት ነው። ቢራ በኦሮምኛ ምን እንደሆነ ለገርጂው ልንገረው፤ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ አደይ ሲፈካ ያለው ጊዜ ነው። ጠርሙሱ አይደለም።

የምድር ባቡር ጡረተኛ
ሐምሌ 10፣ ጠዋት 12:50

ልጆቼ፣ ስትከራከሩ አድራችኋል። እኔ 31 ዓመት በባቡሩ አቴሊዬ (ጥገና ቤት) ውስጥ ብረት ስቀጠቅጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬ ብዙ አይሰማም፣ የሰማውን ግን አይረሳም።

ሐቅ ብቻ የሚባለው ልጅ «አዳራሽ ጥሩልኝ» አለ። አዳራሽ ያኔስ መቼ ነበረ? በ1950ዎቹ አጋማሽ አፍረን ቀሎ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን ሲጀመር ልጆቹ የሚዘፍኑት ሠርግ ላይና ዒድ ላይ ነበር። በኦሮምኛ በአደባባይ መዝፈን ቀላል ነገር ያልነበረበት ዘመን ነው። የሰው ግቢ ነው መድረክ የሆናቸው። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ነው የሰማሁት፤ የሱሪዬ ቂጥ ተቀዶ እናቴ የገረፈችኝን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ ዜማውንም። አሊም በልጅነቱ ከዚያ ነው የተነሳው፤ ክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል የገባው በኋላ ነው። በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ፣ በዓረብኛም ዘፍኗል። ይህን ትምህርት ቤት አላስተማረውም፤ የድሬ ልጅ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ የሚሰማው ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ነው። ተራራውን ወደ ሐረር መውጣት ስላልቻለ ሜዳው ላይ ቆመ፤ ከተማዋም እዚያው ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ሐዲዱ ከዚህ እስኪቀጥል ድረስ ለዓመታት መጨረሻው ድሬ ነበረች። የመኑ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ከመሐል አገር የወረደውም ሁሉ ዕቃውን እዚህ አራገፈ፣ አንዳንዱም ሳይጭን ቀረ። ያ ሐኒድና ያ ፈጢራ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዳው ልጄ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ። ማታ ነፋሻ ነው ብለህ ከተማውን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱ፣ አሸዋ ላይ አትቀመጥ። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ ደንገጎ ተራራ በኩል ይዘንባል፣ ውሃው ሳትሰማው ይመጣል። በ1998 ክረምት ሌሊት ላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው በልቶብናል። እኔ ጎረቤቶቼን ቀብሬያለሁ።

የገርጂው
ሐምሌ 10፣ ጠዋት 1:40

አባቴ፣ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ነፍሳቸውን ይማር። ደቻቱን በድልድይ ብቻ ነው የማየው።

ኪቦርድ
ሐምሌ 10፣ ማታ 5:55

ከሥራ ገብቼ አነበብኳችሁ። ሥራዬ ሠርግ መጫወት ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልናገር።

ሐቅ ብቻ ያለው ግማሹ እውነት ነው። አዳራሽ የለንም፣ ክፍያው አያኖርም። አንድ ሆቴል ሦስት ወር ዓርብ ዓርብ ተጫውቼለት፣ ሒሳብ ስጠይቅ የበላሁትን ሩዝ ቆጥሮ ቀነሰብኝ። ሩዙን «ብላ እንጂ ኪቦርድ፣ ቤትህ ነው» ብሎ ያበላኝ እሱ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሆቴል አልገባም። የገርጂው ያየው አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ልጅ የመጣውም ለዚህ ነው፤ እሱ በስልኩ ነው የሚሠራው፣ ሩዝም ብዙ አይበላም መሰለኝ።

«ቀርቷል» የሚለውን ግን አልቀበልም። አሁን ሐምሌ ነው። ዲያስፖራው ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉለት ይመጣል፤ ሠርጉንም ለዚህ ጊዜ ይቀጥራል። የክርስቲያኑ ወገን ደግሞ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሳይገባ ለመዳር ይሯሯጣል። እኔ በዚህ ወር ያረፍኩበት ቅዳሜና እሑድ የለም።

አንድ የድሬ ሠርግ ማለት እንዲህ ነው። ወንዱ ኦሮሞ፣ ሴቷ ሶማሌ፣ ሚዜው ጉራጌ፣ ጎረቤቱ ሐረሪና አማራ፣ አጎት ከጅቡቲ። አንዱ ወገን ተቀምጦ ሌላው ብቻ ከጨፈረ ሠርጉ ተበላሸ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ስለዚህ ዓይኔ ጣቴ ላይ አይደለም፣ ወንበሩ ላይ ነው። የተቀመጡት አዴዎች በየትኛው ዜማ ትከሻቸው ነቃ እንዳለ አያለሁ፣ ወደዚያ እሄዳለሁ። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ስሻገር ፍጥነቱን አልነካም፤ ምቱን ይዤ ዜማውን ነው የምቀይረው፣ ያኔ የሚጨፍረው ሰው ሳይወርድ አዲሱ ይገባል። ሸጎዬ (የኦሮሞው ጭፈራ) ሲጀመር ደግሞ እጄን አነሳለሁ። ሸጎዬ ኪቦርድ አይፈልግም፤ ድምፅና እግር ይበቃዋል። ያን ጊዜ ነው ውሃ የምጠጣው።

ከኪቦርዱ በፊት ከቦርሳዬ የማወጣው ግን ፎጣ ነው። አትሳቁ። ሙቀቱ አምፕሊፋየሩን ይገድለዋል፤ ሲግል በራሱ ይጠፋል። ሁለት ባዶ የለስላሳ ሳጥን ደፍቼ እላያቸው ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ከሥር አየር እንዲገባ። ከኋላው ትንሿን ፋን አቆማለሁ፣ ከፋኗ ፊት እርጥብ ፎጣ ወንበር ላይ አሰጣለሁ፤ ነፋሱ በፎጣው አልፎ ቀዝቀዝ ብሎ ይደርሰዋል። ፎጣው አምፑን እንዳይነካ! አንዴ ነክቶብኝ ያየሁትን ብልጭታ ርችት ነው ብለው ያጨበጨቡ ሰዎች አሉ። ፎጣውን በየግማሽ ሰዓቱ የሚያረጥብልኝ የእህቴ ልጅ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይማ በየሩብ ሰዓቱ ነው።

አምናም ሳልዘጋጅ ሄጄ ሙሽራዋ ልትገባ ስትል ጠፋብኝ። እንደ ድንጋይ ዝም። እኔ ኬብል ስነካካ አንዲት አሮጊት ድቤያቸውን ከጉልበታቸው ሥር አወጡ። ይዘው ነው የመጡት፤ ለምን ቢባል አያምኑንም። ሴቶቹ ከበው በጭብጨባና በእልልታ ሙሽራዋን አስገቡ። አምፑ ሲነሳ እኔ መልሼ ለመግባት አፈርኩ፤ ከእኔ በልጠው ነበር።

ሐቅ ብቻ
ሐምሌ 10፣ ማታ 6:20

እሺ። የሩዙን ነገር በማንሳትህ አመሰግናለሁ፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሩዝ ሒሳብ የሚሸማቀቅበት ከተማ ነው። ሠርግ ሠርግ ነው፤ ያልተጠራ አይሰማውም፣ የሚቀዳውም የለም። የምታወራው ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ የት ይገኛል?

ኪቦርድ
ሐምሌ 10፣ ማታ 6:31

ለዚህ መልስ የለኝም። የሠርግ ቪዲዮ ካሜራማኖች ዘንድ ፍላሽ ውስጥ አለ። ሙሽሮቹ ሲፋቱ ያጠፉታል።

የታፔላ ጻፊው ልጅ
ሐምሌ 11፣ ከቀኑ 11:10

ሙዚቃና ምግብ ብቻ ሆነ፣ እኔም ልጨምር። አባቴ ቀፊራ አካባቢ ታፔላ ጻፊ ነበር። አንድ ሱቅ ሦስትና አራት ቋንቋ ነው የሚጽፈው፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አንዳንዴም ዓረብኛ። ዓረብኛው ከቀኝ ስለሚነሳ መጀመሪያ እሱን ይጽፍና ሌላው ወደ እሱ እንዲሄድ ያደርግ ነበር። «መሐል ላይ ይገናኙ» ይላል። ከዚያ የባነር ማተሚያ መጣ፣ ሥራው ሞተ። ግን ፀሐያችንን ታውቋታላችሁ፤ ባነሩ ሁለት ክረምት ሳይደግም ይነጣል፣ ፊት የሌለው ሰው ይመስላል። ዘንድሮ ሁለት ባለ ሱቆች ተመልሰው መጥተዋል። አባቴ ዓይኑ ስለደከመ እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ጭራው ረዘመ» ይለኛል።

የገርጂው፣ ሙዚቃ ስትፈልግ ግድግዳውንም እያየህ ሂድ። ቅዳሜ ደግሞ ሐረር ውጣና ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግርን እይ። ስሙ የልብስ ስፌት መኪናው ጩኸት ነው። ልብስ ሰፊዎቹ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘውት ሁሉም አንዴ ሲረግጡ ለእኔ ከበሮ ነው።

ቢስባስ
ሐምሌ 11፣ ከቀኑ 11:48

ሐረር ከሄድክ ሆጃ ሳትጠጣ እንዳትመለስ፤ የቡናው ገለባ ከወተት ጋር ነው። ቀኑን ግን ምረጥ። ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ በዋዜማው መንገዱ በምዕመን ይሞላል፣ አልጋም አታገኝም። የተገኘውም በሦስት እጥፍ ነው። ከዚያ በፊት ሂድ።

ሹራቡንም ያዝ። አልቀለድኩም። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ ግን ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን እሷ ከ1,880 በላይ ናት። ደንገጎን ስትወጣ ጆሮህ ሲደፈን ይገባሃል።

የገርጂው
ሐምሌ 13፣ ማታ 4:02

ሹራቡን ለበስኩት። ሐረር ማታ ላይ፣ ፈረስ መጋላ ቆሜ። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት፤ «እኔ ምን አልኩህ» ብላ ሦስት ጊዜ ደወለች።

መኪና ግርግርን አየሁት። አንዱ ልብስ ሰፊ ቁልፍ የተነቀለ ሸሚዜን ለብሼው እንዳለሁ ነው የሰፋልኝ። «አትተንፍስ» አለኝ።

የገርጂው
ሐምሌ 23፣ ጠዋት 3:15

ነገ ስለምመለስ ሳልነግራችሁ እንዳልሄድ። ቅዳሜ ማታ የሥራ ባልደረባዬ «የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነው፣ ና» አለኝ። ሳቢያን ሰፈር ነው፤ ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶት ባጃጅ በእግረኛ መንገድ ያልፋል። ማንም ማን ነህ አላለኝም፣ ሳህን ሰጡኝ።

ከበላሁ በኋላ ዞር ስል ሁለት ሳጥን፣ ትንሽ ፋን፣ ወንበር ላይ የተሰጣ ሰማያዊ ፎጣ። አንድ አስር ዓመት የማይሞላው ልጅ ባልዲ ይዞ ይመጣል፣ ፎጣውን ይነክራል፣ ይጨምቃል፣ መልሶ ያሰጣል። ሙዚቃውን ትቼ ልጁን ነው ያየሁት። ኪቦርዱ ላይ ያለው ሰው ቀና ብሎ አዴዎቹን ያያል፣ ጣቱን ጨርሶ አያይም። በሶማሊኛ የነበረው ሳላውቅ ወደ ኦሮምኛ ሄደ፤ እኔ ያወቅኩት አጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ ድንገት ሲነሳ ነው። ከዚያ ሸጎዬ ተጀመረ፤ ሰውየው እጁን አነሳና ውሃ ጠጣ።

ሄጄ ላናግረው ፈልጌ አፈርኩ። ኪቦርድ፣ አንተ ነበርክ?

ኪቦርድ
ሐምሌ 23፣ ከቀኑ 10:20

አቦ! ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ቼክ ሸሚዝ ለብሰህ፣ ሙዙን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጠህ ሩዙን ብቻ የጨረስከው አንተ ነህ?

ቢስባስ
ሐምሌ 23፣ ከቀኑ 10:24

አላምንም።